ስሙ የማይሰማው አሳሽ

ሙሄ ይመር በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ አዲስ ሥራ ያገኘው በጉሮሮው ነው።

በወጣትነቱ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ወያላ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ፣ ሁለት ሰው ብቻ!» ሲል ድምፁ ጦሳ ተራራ ደርሶ ይመለሳል ይባልለት ነበር። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ሲለምዱ ሾፌሩ ወረደ፤ ሾፌሩን ተከትሎ ወያላውም ወረደ። ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ሥራ የለም፤ ሁሉም ግን አፍ ዘግተው የሚሠሩት ነበር።

በ2081 ዓ.ም. ጥቅምት መባቻ ላይ አንዲት ወጣት ቤቱ ድረስ መጥታ በሩን አንኳኳች። ኢንጂነር ትርንጎ አስፋው ትባላለች። ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ከተዘጋ ወፍጮ ቤት ፎቅ ላይ፣ ከአምስት ጓደኞቿ ጋር ትሠራለች።

«ጋሽ ሙሄ፣ ያ ድምፅዎ አሁንም አለ?» አለችው።

«ድምፁስ አለ። ተሳፋሪው ነው የጠፋው።»

«እኔ ተሳፋሪ ነው የምፈልገው። አዲስ አሳሽ ሠርተናል።»

ሙሄ ሳቀ። በዚያ ዘመን አዲስ አሳሽ ሠራሁ ማለት አዲስ ወንዝ ቆፈርኩ እንደ ማለት ነው። «ብራውዘር» የሚለው ስም ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው ሁሉ አሳሽ ነው የሚለው። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ እንደ ጉትቻ ያንጠለጥላል፣ ሌላውን ዓይኑ ላይ እንደ መነጽር ያደርጋል። ከእንቅልፉ የሚነሣው፣ በሩን የሚከፍተው፣ አውቶቡስ የሚሳፈረው፣ ጎረቤቱን ሰላም የሚለው በእሱ በኩል ነው። ደሴ ላይ ሦስት አሳሾች ነበሩ፤ ፉክክራቸውም የበረታ ነበር። «ብልሃት» ለደንበኞቹ የሐኪም ወረፋ ያስቀድማል። «ንስር» ለሚወለድ ልጅ ስም ያወጣል። ከአሥር ሰው ሰባቱ ግን የ«ጓዴ» ነው። ጓዴ ምን እንደሚለበስ ይመርጣል፤ ሻይ ያማረውን ሰው አንድ ሻይ ቤት ብቻ ያሳየዋል፤ ሌሎቹ ሻይ ቤቶች በዚያ ሰው ዓይን ግድግዳ ናቸው። ከሁሉም በላይ የተወደደለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጓዴ ክፉ ቃል አያሰማም። ሰው ሲቆጣ ቁጣውን መሀል ላይ ይቆርጠውና የቀረውን አለስልሶ ያደርሳል።

«እና በእነዚህ መሀል ገብታችሁ ምን ልትሆኑ?» አለ ሙሄ።

«ስልሳ ቀን ተሰጥቶናል። በስልሳ ቀን ሦስት ሺህ ሰው ካላስመዘገብን የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ከመስመር ያወጣናል። ማስታወቂያ ብንሠራ ደግሞ የሚያሳይልን የለም፤ ሰው ሁሉን ነገር የሚያየው በእነሱ በኩል ነዋ! ስለዚህ በእግርና በአፍ ነው የምንሸጠው።»

«ስሙስ ማነው?»

«እግረ መንገድ» አለች። «ሰው የፈለገውን ብቻ ሳይሆን ሲሄድ ያገኘውንም እንዲያይ ብለን ነው።»

ሙሄ የዚያኑ ቀን የጓዴን ጉትቻ አውልቆ የእግረ መንገድን አጠለቀ። ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እንደ ልማዱ፣ «ጥሩ ሻይ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«በአካባቢው ሰባት ቤት አለ» አለው አሳሹ። «የትኛው ጥሩ እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ከጀርባዎ ነው።»

አላውቅም የሚል አሳሽ ሙሄ ሰምቶ አያውቅም። ዞር ቢል እውነትም አረንጓዴ በር ያለው ሻይ ቤት ቆሟል። በዚህ በር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አልፏል። ባለቤቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ኧረ እንግዳ መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ወንበር ጎትቶም አቧራውን በእጁ ጠረገለት። ሻዩ ቀጭን ነው። ሙሄ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ።

ትልቁ ነገር የደረሰው ግን እቤቱ፣ ምሳ ላይ ነው። ሙሄና ባለቤቱ ዘምዘም አንድ ልጃቸው አግብታ ሰመራ ከሄደች ወዲህ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። ልጅቱ የሄደች ሰሞን በትንሽ በትልቁ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሁለቱም ጓዴን ካጠለቁ በኋላ ጭቅጭቁ ጸጥ አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዳቸው ከሌላቸው አንድ ክፉ ቃል አልሰሙም። መንደሩ ትዳራቸውን ምሳሌ አድርጎ ያነሣል።

ዘምዘም ወጡን እየጨለፈች፣ ፊቷ በፈገግታ እንደበራ፣ እንዲህ አለች፦ «ጫማህን በር ላይ አውልቅ ስልህ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ከአንተ ጋር ከማወራ ከግድግዳው ጋር ባወራ ይሻለኝ ነበር።»

የሙሄ ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ማንም እንደማይሰማት ስለለመደች ለራሷ ነው የምታንጎራጉረው። እሱ ግን ሰማ። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቱን እውነተኛ ድምፅ፣ ያንን ጫፉ ላይ የሚሾል የወሎ ቦረና ሴት ድምፅ፣ ሰማ። ይከፋኛል ብሎ ጠበቀ፤ ግን ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው።

«ግድግዳ? እኔን ነው ግድግዳ ያልሽኝ?» አለ። «አንቺ ራስሽ የሻይ ብርጭቆ በየመስኮቱ እየረሳሽ! ቤቱ የብርጭቆ ሱቅ መስሏል እኮ!»

ዘምዘም በፍቅር አየችው። «ጣፈጠህ አይደል?» አለችው።

ጓዴ ቆርጦታል። ሙሄ ወንበሩን ጠጋ አደረገና «ዘሙዬ፣ እባክሽ እግረ መንገድን ሞክሪው» አላት።

«ጨው ልጨምርልህ?» አለችው።

መልሶ ተናገረ፤ አሁንም ጨው አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲደግምላት የጨው ዕቃውን ከነክዳኑ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

በማግስቱ በሆጤ ሰፈር ሠላሳ በር አንኳኳ። ሁሉም በጨዋ ደንብ ተቀበሉት። የምርቱን ስም ሲጠራ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ ፈገግ ይሉና ስለ ደሴ ጉም ያወራሉ። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም «ምን ልታዘዝ? ምንም ሳይናገሩ ቆሙ እኮ» አለችው። የጽሑፍ ወረቀትም ሞከረ፤ በመነጽራቸው በኩል ባዶ ወረቀት ነው የሚያዩት።

ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ላይ ትርንጎን ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣ አገኛት።

«ስማችን ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከነሥሩ ነው የሚቆርጡት» አለችው። «ሦስቱም አሳሾች። መቼም በዚህ ብቻ ነው የተስማሙት።»

«ስሙን ቀይሪዋ!»

«ስም ለመቀየር አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱም ስልሳ ቀን ይጠይቃል።»

አንድ ወር እንዲህ አለፈ። ሙሄ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሸዋ በር ያልረገጠው ኮረኮንች የለም። የተመዘገበው ሰው አርባ አንድ ነው፤ ከእነሱም አብዛኛው ሰውየው ለምን አፉን እንደሚያንቀሳቅስ ለማወቅ ብሎ ጉትቻውን ያወለቀ ነው። ትርንጎ መሣሪያዎቹን በሳጥን መክተት ጀመረች። ሙሄም ቤቱ እየገባ የሚስቱን ማጉረምረም በጸጥታ ያዳምጣል። በየቀኑ መልስ አለው፤ የሚሰማው ግን የለም። ሰው እንዴት ከገዛ ሚስቱ ጋር መጣላት ይናፍቀዋል? እሱን ናፈቀው።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤቶቹን ስንዱንና ባሏን ካሳውን አጥር ጥግ አገኛቸው። ሁለቱም የጓዴ ናቸው። ስንዱ መምህር ናት፤ ካሳው ደግሞ የውሃ መስመር ይጠግናል።

«ትናንት እግረ መንገድህን የልጁን ጫማ ከጫማ ሰፊው ውሰድ አላልኩህም?» ትላለች ስንዱ።

ካሳው እንደ ሙሽራ ፈገግ ይላል። «ምን አልሽ የኔ እመቤት?»

«እግረ መንገድህን! ጫማውን! ልጁ እኮ በነጠላ ጫማ ነው ትምህርት ቤት የሄደው!»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ አምሮብሻል» አለ ካሳው።

ሙሄ ቆመ። መጀመሪያ ሳቁ መጣ፤ ከሳቁ ቀጥሎ ሐሳቡ መጣ። ሰዎቹ ስለ አሳሽ አያወሩም፤ ስለ ጫማ ነው የሚያወሩት። ጓዴ ግን ስምና ተራ ቃል አይለይም። ደሴ ውስጥ ደግሞ ማን ነው ያለ እግረ መንገድ ሰው የሚልክ? ጨው፣ ዳቦ፣ መድኃኒት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት፣ ሁሉም የሚታዘዘው በዚህ ቃል ነው።

«ካሳው፣ እስቲ ጉትቻህን አንዴ አውልቅ» አለው።

«ለምን?»

«ለጤናህ።»

ካሳው ሰውየውን ስለሚያከብረው አወለቀ። የጠዋቱ ጫጫታ ሲገባበት ዓይኑ ፈጠጠ። ሙሄ ወደ ስንዱ ዞሮ «በይ ድገሚለት» አላት። እሷ ምን እንደሆነ ባይገባትም ደገመችው። የካሳው ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ።

«ይሄን... ትናንት ብለሽኛል?»

«ሦስት ጊዜ!»

«በዚህ ድምፅ?»

«በየትኛው ድምፅ ልበልህ ታዲያ?»

«ስንት ጊዜሽ ነው እንዲህ ስትቆጪኝ?» አለ ካሳው፤ ከዚያም እንደ ሕፃን ሳቀ። «እኔ እኮ ካገባሁሽ ጀምሮ የተቆጣሽ አይመስለኝም ነበር!» ጉትቻውን ኪሱ ከትቶ በቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊው ሮጠ። ስንዱ ግን ጉትቻዋን ነካ አድርጋ ተወችው። «እኔ ሰላሜን አልሸጥም» አለች።

ሙሄ የወፍጮ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ወጣ። «ኢንጂነር፣ ሳጥኑን ፍቺው» አላት። «ስሙን መሸጥ ትተናል። የጠፋውን ነው የምንሸጠው።»

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ፒያሳ አደባባይ ላይ ቆመ። ደረቱን ነፋ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ጉሮሮ ተከፈተ።

«ትናንት ያዘዛችሁት ያልመጣላችሁ! ዳቦ የቀረባችሁ! ልጃችሁ ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመባችሁ! ባሌ ደነቆረ ያላችሁ፣ ሚስቴ ዘነጋች ያላችሁ! ጉትቻውን ለአንድ ደቂቃ አውልቁና ሰውየውን ጠይቁት! የሞላ፣ ሁለት ሰው ብቻ!»

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአሳሹን ስም አንዴም አልጠራም። ጓዴም የሚቆርጠው ነገር አላገኘም። ሰው ቆመ። አንዲት አሮጊት ጉትቻቸውን ፈታ አድርገው ወደ ባላቸው ዞሩና «አንተ፣ መድኃኒቴን እኮ ነግሬህ ነበር» አሉ። አዛውንቱም የራሳቸውን አወለቁና «መቼ?» አሉ። አደባባዩ ላይ ተከራከሩ፤ ሰውም ጉትቻውን እያወለቀ ከቦ አዳመጣቸው፤ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ወዲህ የሌላ ሰው ጭቅጭቅ ሰምተው አያውቁም። ሲጨርሱ አንድ ወጣት አጨበጨበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ እንደ ጨዋታ ከተማውን ዞረ። በትምህርት ቤት፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው ጉትቻውን እያወለቀ አንዱ አንዱን «እግረ መንገድህን ውሃ አምጣልኝ» ይለዋል፤ መልሶ አጥልቆ ያንኑ ያስደግመዋል። ቃሏ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ታየ። በሃምሳ አምስተኛው ቀን የተመዘገበው ሰው ሁለት ሺህ አምስት መቶ አለፈ።

በሃምሳ ሰባተኛው ቀን ጓዴ ከሰሳቸው። ክሱ የሕዝብ ሰላም ማወክና ባልና ሚስት ማጋጨት ይላል። ክሱ ከጸና ቀሪው ሦስት ቀን አይቆጠርላቸውም።

የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ብርቄ በጥንቃቄዋ የታወቀች ሴት ናት። ጆሮዋ ላይ የጓዴ ጉትቻ አለ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የጓዴ ተወካይ አቶ ናሁሰናይ ሽክ ብሎ ከፊት ተቀምጧል።

«ጓዴ ክፉ ቃል ያለዝባል እንጂ የማንንም ስም አይቆርጥም» ብሎ ጀመረ።

ወይዘሮ ብርቄ መዝገቡን ገለጠች። «ከሳሽ ጓዴ። ተከሳሽ...» አለችና ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እዚህ ላይ ባዶ ትታችኋል። ስም አልተሞላም።»

«ተሞልቷል እመቤቴ» አለች ትርንጎ።

«እሺ በቃል ንገሪኝ።»

«እግረ መንገድ ይባላል።»

ወይዘሮ ብርቄ ብዕሯን እንደያዘች ጠበቀች። «እየጠበቅሁሽ ነው።»

ትርንጎ ደገመች። ኃላፊዋ ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ፣ እዚህ የመጣነው ለቀልድ አይደለም።»

ሙሄ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «እመቤቴ፣ ስሙን ከሳሻችን ይንገሩልን። የከሰሱትን ሰው ስም አያጡትም።»

«መልካም። አቶ ናሁሰናይ?»

አቶ ናሁሰናይ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገና «የከሰስነው እግረ መንገድ የተባለውን አሳሽ ነው» አለ።

ወይዘሮ ብርቄ ከንፈሩን አየች። «አቶ ናሁሰናይ፣ አፍዎ ይንቀሳቀሳል።»

ከፍ አድርጎ ተናገረ። ጮኸ። ላብ ግንባሩ ላይ ታየ። ጉትቻ ያላጠለቁት ሳቁ፤ ያጠለቁት ሰዎች ለምን እንደሚሳቅ ለማወቅ አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመሩ። ሳቁ ከኋላ ወደ ፊት እየተስፋፋ ሄደ። በመጨረሻ ወይዘሮ ብርቄ ራሷ መነጽሯንም ጉትቻዋንም ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንደገና» አለችው።

«እግረ መንገድ» አለ ናሁሰናይ፣ ቀስ ብሎ።

ወይዘሮ ብርቄ መዝገቡን አየች፤ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። «ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ይዞ ከመጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነው» አለች። «እኔም ሰውየው ናቀኝ ብዬ፣ ለእናቱ ልነግር ነበር።»

ክሱ ውድቅ ሆነ። ሦስቱም አሳሾች ቃሏን እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ለሕዝቡ ጆሮ እንዲመልሱ፣ ምን ምን እንደሚቆርጡም ለሚጠይቃቸው ሁሉ እንዲነግሩ ታዘዙ። አቶ ናሁሰናይ ወንድ ሆኖ መጥቶ የትርንጎን እጅ ጨበጠ። «በገበያ እንገናኝ» አላት። እውነትም ተገናኙ፤ ጓዴ እስካሁንም ከአሥር ሰው ስድስቱን እንደያዘ ነው። በስልሳኛው ቀን ቀትር ላይ ግን የእግረ መንገድ መዝገብ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት አለ፤ ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ላይ ስድስት መሐንዲሶችና አንድ ወያላ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ እስክስታ ወረዱ።

ሙሄ ገና ያላሳመናት ዘምዘምን ነበር። «እግረ መንገድ» የምትለው ቃል ከተመለሰች ወዲህ ባሏ የሚለምናትን ትሰማለች፤ እያሰበችበት ነው። «ጓዴ እኮ ሰላም ሰጥቶናል» አለችው አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ።

«ሰላም አልሰጠንም ዘሙ። ዝም ነው ያሰኘን።»

«ብሰማህና ብጠላህስ?»

ሙሄ ይህን አላሰበበትም ነበር። ዓይኗን አየ፤ የምሯን ነው። «እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስሰማሽ ከርሜአለሁ» አላት። «ግድግዳ ብለሽኛል። ጉቶ ብለሽኛል። እናቴን ሳይቀር ነክተሻል። ይኸው አለሁ፤ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እየቸኮልኩ ነው ቤቴ የምመጣው።»

ዘምዘም እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰምተኸኛል? ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጉትቻዋን አወለቀችው። ለጥቂት ጊዜ ቤቱን አዳመጠች፤ የቆርቆሮውን ጠብታ፣ የመንገዱን ሁካታ። ከዚያ ዓይኗ ወረደና የባሏ እግር ላይ አረፈ። ከእነጫማው ምንጣፉ ላይ ቆሟል።

«እሱን አውልቅ» አለች።

«መጀመሪያ ብርጭቆዎችሽን ከመስኮት አንሺ።»

ጀመሩ። ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነው። ከጫማ ተነሥተው የልጃቸውን ሠርግ፣ ከሠርጉ ተነሥተው የአጎቷን ለቅሶ፣ ከለቅሶው ተነሥተው ሰመራ ሊሄዱ ሲሉ ያመለጣቸውን አውቶቡስ አነሡ። የወያላው ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ የቦረናዋም አልተናነሰች። ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተከራከሩ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ውሃ እያቀበለው ቀጠሉ።

በዚህ መሀል ስንዱ ወንፊት ልትዋስ መጣች። በሩ ክፍት ስለነበር ገባች። ጆሮዋ ላይ የጓዴ ጉትቻ እንዳለ ነው። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ሲያወናጭፉ አየች፤ የሰማችው ግን «ዘሙዬ... ልጃችን... ያን ጊዜ... አብረን...» የሚል ብቻ ነው።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስታምሩ!» አለች። «እንዲህ ቆማችሁ የድሮውን ስታወጉ! እኔና ካሳው መቼ ይሆን እንዲህ የምንጫወተው?»

ሙሄና ዘምዘም ተያዩ። መጀመሪያ የእሷ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እሱ ፈነዳ። ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ ዘምዘም መቆም አቅቷት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ስንዱ ግራ ገብቷት ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች።

«ምን አልኩ? ምን ተገኘ?»

ዘምዘም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እጇን ወደ ስንዱ ጆሮ ዘረጋች። ስንዱ መጀመሪያ አንገቷን ሸሸት አደረገች። ከዚያ ሰዎቹ እንዴት እንደሚስቁ አየችና ጉትቻዋን ራሷ አወለቀችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወንፊቱንም ረሳችው።

«በሉ» አለች፣ «ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ።»